ከላቦራቶሪ እስከ እህል ገበያ፦ ስለ ብርሃን ቴክኖሎጂ የቀረቡ ሁለት ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፣ በኮምቦልቻ የምኖር የፊዚክስ መምህር ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የሠራሁት ጥናት ዓይን በማያየው በቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን የስንዴንና የማሾን እርጥበት ስለ መለካት ነበር። መሣሪያው በላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ በሚገባ ሠርቷል፤ ጽሑፉም ጥሩ ውጤት አግኝቷል። ከዚያ ወዲህ ግን ሁለት ዓመት በሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። የሚሸጥ ዕቃ ላደርገው እችላለሁ ወይ? ከየትስ ልጀምር? በቅድሚያ ፓተንት ማውጣት አለብኝ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ይቻላል። ሣጥኑን ከመክፈትዎ በፊት ግን አንድ ሰኞ ጠዋት የሐረጎን ዳገት ወጥተው ወደ ደሴ እንዲመጡና ሰኞ ገበያ፣ ከአንድ እህል ሰብሳቢ ነጋዴ መጋዘን በር ላይ ግማሽ ቀን እንዲቆሙ እለምንዎታለሁ። ነጋዴው እጁን እስከ ክርኑ ጆንያ ውስጥ ያስገባል፤ ከታች አንድ እፍኝ ስንዴ አውጥቶ በመዳፉ ያሸዋል፤ አንዷን ፍሬ በፊት ጥርሱ ነክሶ ስትሰበር የምታሰማውን ድምፅ ያዳምጣል። የደረቀችው ቀጭ ብላ ትሰበራለች፤ እርጥቧ ግን ከጥርሱ ሥር ትላላለች። ከዚያም «ይህ ገና ነው» ይላል፤ ዋጋውም በዚያች ቃል ይወርዳል። እህሉን ጭኖ የመጣው ገበሬ ጥርጣሬ ቢኖረውም የሚያቀርበው ማስረጃ የለውም። መሣሪያዎ ከማንኛውም ፋብሪካ ሠራሽ መለኪያ በፊት የሚወዳደረው ከዚህ ጥርስ ጋር ነው። ጥርሱ ወጪ የለውም፣ ባትሪ አይፈልግም፣ ፍርዱንም በሦስት ሰከንድ ይሰጣል። ስለዚህ እርስዎም በዚያው ቦታና በዚያው ፍጥነት ቁጥር ማሳየት ይኖርብዎታል።

እዚያው ቆመው ማን እንደሚገዛዎት ይጠይቁ። አንድ ገበሬ ለብቻው ይገዛል ብዬ አላምንም። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ የዱቄት ፋብሪካ እና ማሾ ለውጭ ገበያ የሚያዘጋጅ መጋዘን ግን ይገዛሉ፤ ምክንያቱም እርጥበቱ ከ13 በመቶ ገደማ ያለፈ እህል በመጋዘን ሲከማች ይሻግታል፣ ይነቅዛል፣ ኪሳራውም የእነርሱ ነው። ደግሞም ከወዲሁ ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ፦ የእህሉን የኤሌክትሪክ ባሕርይ በመለካት እርጥበትን የሚናገሩ በእጅ የሚያዙ መሣሪያዎች በገበያ ላይ አሉ፤ ዋጋቸውም በብርሃን ከሚሠራ (ኦፕቲካል) መሣሪያ ያነሰ ነው። እርጥበትን ብቻ የሚለካ ዕቃ ይዘው ከወጡ በዋጋ ይሸነፋሉ። ብርሃን የሚበልጠው እህሉን ሳይፈጩ ከእርጥበቱ ጋር ፕሮቲኑንም መናገር ስለሚችል ነው፤ ለዱቄት ፋብሪካ ደግሞ ፕሮቲን ማለት የዳቦው ጥራት ማለት ነው።

ይህ መንገድ ከዚህ በፊት ተሂዶበታል። ካርል ኖሪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በአገሩ ግብርና ሚኒስቴር ውስጥ ሆኖ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የእህልን እርጥበት በቅርብ ኢንፍራሬድ ለመለካት ሲሞክር ፕሮቲኑና ዘይቱ እያወኩበት ተቸገረ። ያወከው ነገር ራሱ ሊለካ እንደሚችል በመረዳቱ አዲስ የመለኪያ ዘዴ ተወለደ። በ1970ዎቹ ኩባንያዎች መሣሪያውን እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ፤ የካናዳ የእህል ኮሚሽንም በአሲድ እያፈላ ሰዓታት ይፈጅበት የነበረውን የስንዴ ፕሮቲን ምርመራ በዚህ ዘዴ ተካ። ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ቴክኖሎጂው ከመጀመሪያውም እህል በሚመዘንበት ቦታ መወለዱን ነው።

አሁን ወደ ሣጥኑ እንመለስ። ውኃ የሞገድ ርዝመቱ 1450 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው) አካባቢ የሆነን ብርሃን አጥብቆ ይውጣል፤ በ970 ናኖሜትር አካባቢ ግን የሚውጠው በጣም ጥቂት ነው። ጥናትዎ በ1450 ላይ የተሠራ ከሆነ የሚያስፈልግዎት ኢንዲየም ጋሊየም አርሰናይድ የተባለው ውድ ዳሳሽ (ብርሃኑን ተቀብሎ የሚለካው ክፍል) ነው፤ እርሱም ብቻውን የዕቃውን ዋጋ ሊያንረው ይችላል። በ970 ላይ ከሠሩ ግን በየኤሌክትሮኒክስ መደብሩ የሚገኘው የሲሊከን ዳሳሽ ይበቃዎታል። ምልክቱ ደካማ ስለሚሆን ብርሃኑ በእህሉ ውስጥ ረዘም ያለ ርቀት እንዲያልፍ ማድረግና ውኃ እምብዛም በማይውጠው ሌላ የሞገድ ርዝመት ማመሳከር ይኖርብዎታል። በእኔ እምነት ምርቱ እዚህ አገር የመኖርና ያለመኖሩ ነገር የሚወሰነው በዚህ ምርጫ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ የተሻለው ዳሳሽ ለገበያም የተሻለ ላይሆን ይችላል።

ቀጥሎ ያለው ችግር ሙቀት ነው። ብርሃኑን የሚሰጠው የኤልኢዲ አምፖል የሞገድ ርዝመት ሙቀት በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር 0.3 ናኖሜትር ያህል ይሸሻል። በደሴ ብርዳማ ማለዳ የተስተካከለ መሣሪያ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዶ በኮምቦልቻ የቀትር ፀሐይ ሲለካ ሃያ ዲግሪ ቢለወጥበት ስድስት ናኖሜትር ተሳሳተ ማለት ነው። ስለዚህ የሙቀት ዳሳሽ ያስገቡበት፤ የማስተካከያውንም ሥራ በሁለቱም ከተሞች ይሥሩት። ለማስተካከያውም ከየአካባቢውና ከየዝርያው የተሰበሰቡ ብዙ ናሙናዎችን በምድጃ እያደረቁ ትክክለኛ እርጥበታቸውን መመዝገብ አድካሚ ሥራ ነው። ኤሌክትሮኒክሱን ማንም ፈትቶ ሊቀዳው ይችላል፤ የካሉን ማሾና የደላንታን ስንዴ የሚያውቀው መዝገብዎ ግን በአንድ ጀንበር አይቀዳም።

ስለ ፓተንት የጠየቁትን በአጭሩ ልመልስ። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት በአገራችን ፓተንት በመጀመሪያ ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ ለአነስተኛ ፈጠራም የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት አለ፤ ለእርስዎ ዕቃ የሚስማማው ሁለተኛው ይመስለኛል። በእህል ላይ ቅርብ ኢንፍራሬድ መጠቀም በራሱ በዓለም የታወቀ ስለሆነ አዲስነትዎን ይፈልጉት ከተባለ የሚገኘው በአሠራሩ ላይ ነው። ወደ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ከመሄድዎ በፊት ግን ጥናቱ የተሠራበትን ዩኒቨርሲቲ የባለቤትነቱን ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ። ይህን ሳይጨርሱ ሸሪክ ወይም ብድር አያስገቡበት።

ከዚያ በኋላ አምስት መሣሪያ ብቻ ይሥሩ። አንድ ሙሉ የመኸር ወቅት ለሦስት መጋዘኖች በውሰት ሰጥተው በየሳምንቱ እየሄዱ ምን እንደተበላሸ ይመዝግቡ። የሚበላሸው አስቀድመው ያልጠረጠሩት ነገር ይሆናል፦ በመስታወቱ ላይ የተጋገረ አቧራ፣ ከሚዛኑ ጠርዝ የወደቀ ሣጥን፣ መብራት በጠፋ ሌሊት ሳይሞላ ያደረ ባትሪ።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ በኤሌክትሪካል ምሕንድስና የምመረቅ የደሴ ልጅ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ በፋይበር ኦፕቲክስ፣ ማለትም በቀጭን የመስታወት ክር መልእክትን በብርሃን በማስተላለፍ ላይ ነው፤ ትምህርቱንም ከልቤ እወደዋለሁ። ቤተሰቦቼ ግን «ይህ የፈረንጅ አገር ሙያ ነው፤ እዚህ ምን ልትሠሪበት ነው?» ይሉኛል። ምን ልመልስላቸው?

መልስ፦ ባለፈው ክረምት እዚሁ ደሴ፣ በተቆረጠ የፋይበር መስመር ላይ ሲሠራ ከነበረ አንድ ቴክኒሻን አጠገብ ቆሜ ነበር። የፋይበሩን ሽፋን ልጦ መስታወቱን በአልኮል ጠረገ፤ ውፍረቱ 125 ማይክሮሜትር፣ ከፀጉር እምብዛም የማይበልጥ ነው። በመቁረጫው ቀጥ አድርጎ ቆረጠው፤ ፍንካቹን መሬት ላይ እንዳይወድቅና የሰው እግር እንዳይገባ በጥቁር ዕቃ ውስጥ አኖረው። ሁለቱን ጫፎች ማሽኑ ውስጥ ሲያስገባቸው በስክሪኑ ላይ ፊት ለፊት ተያዩ፤ የኤሌክትሪክ ብልጭታ አቀለጣቸውና አንድ ሆኑ። ስክሪኑ በቅጥያው ላይ የሚባክነው ብርሃን 0.02 ዴሲቤል፣ ማለትም እጅግ ጥቂት፣ መሆኑን አሳየ። ቴክኒሻኑ ቁጥሩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ወደሚቀጥለውም አለፈ። ለእናትና አባትዎ በቅድሚያ ይህን ይንገሯቸው፤ የሚደውሉበት ስልክ የሚሠራው በዚህ እጅ ነው።

ተመራማሪው ቻርልስ ካኦ ንጹሕ መስታወት ብርሃንን ረጅም ርቀት ሊያደርስ እንደሚችል የጻፈው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ የመስታወት ኩባንያ ተመራማሪዎች የተባለውን ፋይበር በ1970 ሠሩት፤ በ1977 ደግሞ የስልክ ጥሪ በፋይበር መተላለፍ ጀመረ። ካኦ በ2009 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በነዚያ ዓመታት ውስጥ ሥራ ያገኙት የፊዚክስ ሊቃውንት ብቻ አልነበሩም፤ መስታወት አቅላጩ፣ ማሽን ሠሪው፣ መስመር ቀባሪው፣ ፋይበር የሚቀጥለውና መርማሪው ሁሉ በዚያ ሰንሰለት ውስጥ ነበሩ።

በእኛ አካባቢም ሰንሰለቱ አለ። የቴሌኮም ድርጅቶችና ሥራ ተቋራጮቻቸው ፋይበር የሚቀጥልላቸውንና መስመሩ የት እንደተበጠሰ በመሣሪያ የሚያገኝላቸውን ሰው ይፈልጋሉ። ማሾ በሚያበጥሩ ፋብሪካዎች ከለር ሶርተር የሚባለው ማሽን ፍሬውን በካሜራ እያየ የተበላሸውን በታመቀ አየር ገፍቶ ያወጣል፤ ሌንሱ ሲቆሽሽ ወይም መብራቱ ሲደክም ደህናው ከተበላሸው ጋር ይጣላል። የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍልን የመሰሉ ቦታዎች በኦፕቲካል መሣሪያ የተሞሉ ናቸው። በብረታ ብረት ሥራም ሌዘር መቁረጫ እየተለመደ መጥቷል። እነዚህን ማሽኖች የሚያስተካክል ባለሙያ በቅርብ ሲጠፋ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሥራ ይቆማል። ለወጣት መሐንዲስ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም፦ ጠጋኝ ሆኖ የጀመረ ሰው የትኛው ክፍል ደጋግሞ እንደሚበላሽ ያውቃል፤ ነገ ያንን ክፍል እዚሁ ሠርቶ ሊሸጥ ይችላል።

የምርምሩንም በር አይዝጉት። በጣሊያን ትሪየስተ ከተማ የሚገኘውና ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሰላም በ1964 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ዓለም አቀፍ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ወጣት ተመራማሪዎች በክረምታቸው ወራት የኦፕቲክስ ኮሌጅ ያካሂዳል። ማመልከቻው ከወራት በፊት ስለሚዘጋ የመምህርዎን የድጋፍ ደብዳቤ ከምረቃዎ አስቀድመው ይያዙ፤ እስከዚያው ድረስም ከአንድ የፋይበር ሥራ ተቋራጭ ጋር፣ ያለ ደመወዝም ቢሆን፣ ሁለት ወር ይዋሉ።