መልስ፦ የደንበኛን ቅጂ ሰርቨር ላይ ስለማስቀመጥ

ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሰርቨር ተክለህ፣ ማታ መብራት ጠፍቶ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ያመለጠው ደንበኛ በማግስቱ በስልኩ እንዲያይ ብታደርግ የጣቢያዎቹን መብት ትነካ እንደሆነ ነው የጠየቅከው። ሳታስፈቅድ ከሆነ አዎ።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግለሰብ ለራሱ ብቻ አንድ ቅጂ እንዲያስቀር ይፈቅዳል። ሸዋ ሮቢት ያለች እህትህ ድራማ በፍላሽ ብትቀዳ ማንም አይጠይቃትም። አንተ ግን ለሌላው ቀድተህ ልታስከፍል ነው።

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ተካሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ኬብልቪዥን (የደንበኞቹን ቅጂ በራሱ ሰርቨር ላይ የሚያስቀምጥ የኬብል ቴሌቪዥን ድርጅት) የረታው የመቅጃውን ቁልፍ ተጭኖ የሚቀዳው ደንበኛው ራሱ ስለሆነና ለእያንዳንዱ የየራሱ ቅጂ ስለሚቀመጥ ነው። ሺህ ሰው አንዱን ፊልም ቢቀዳ ሰርቨሩ ላይ ሺህ ፋይል! (የዲስክ ብክነት ነው፣ ግን ያዳናቸው እሱ ነው።) ኤሪዮ የተባለው፣ የጣቢያዎችን ስርጭት በኢንተርኔት ለደንበኛ የሚያስተላልፍ ድርጅት ደግሞ ለየደንበኛው ሳንቲም የምታክል አንቴና መድቦ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ 3 ፈረደበት። ኬብልቪዥን ለስርጭቱ ፈቃድ ነበረው፤ ኤሪዮ ለጣቢያዎቹ ሰባራ ሳንቲም አልከፈለም።

ስለዚህ ዲስክ ከመግዛትህ በፊት ከአገር ውስጥ ጣቢያዎች ጋር በጽሑፍ ተዋዋል፤ ቀድቶ ማስቀመጥም፣ በኢንተርኔት መልሶ ማሳየትም በስም ይጠቀሱ። የውጭ አገር ኳስን ለጊዜው እርሳው፤ መብቱ በየአገሩ ተከፋፍሎ የሚሸጥ ስለሆነ ጣቢያው ራሱ ሊሰጥህ ላይችል ይችላል።