እማ ራሞትስዌን ለምን እስከ ዛሬ አነባታለሁ

«ግድያ እምብዛም የሌለበት፣ ከ20 ቅጽ ያለፈ የምርመራ ልብወለድ ሰው ሳይሰለቸው እንዴት ይከታተላል? ልጀምር ብልስ ከየትኛው ልጀምር?» ብለው ለጠየቁት፣ የአሌክሳንደር ማኮል ስሚዝን «ቁጥር 1 የሴቶች የምርመራ ድርጅት» የተባለ ተከታታይ ለዓመታት ካነበብኩት ተነሥቼ ልመልስልዎ። መልሴ ይረዝማል፤ እነዚህን መጻሕፍት «ቀላል ንባብ» ብሎ ማለፍ የተለመደ ስለሆነ ጥያቄዎ ጊዜ ወስዶ መመለስ ያለበት መስሎ ተሰማኝ።

እኔ የጀመርኩት ከመካከል ነው። እናቴ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በተኛችበት ወቅት የአስታማሚነቱን ሌሊት የማሳልፍበት ነገር ስፈልግ፣ መንገድ ዳር አሮጌ መጻሕፍት ዘርግቶ ከሚሸጥ ልጅ ሽፋኑ የተላጠ አንድ መጽሐፍ ገዛሁ። ሰባተኛው ቅጽ፣ «ሰማያዊ ጫማዎችና ደስታ» ነበር። ገና መግቢያው ላይ የዋናዋ ገጸ ባሕርይ፣ የመርማሪዋ እማ ራሞትስዌ («እማ» የክብር መጠሪያ ነው) ቢሮ ውስጥ እባብ ይገባል፤ ቀጥሎ ደግሞ ረዳቷ እማ ማኩትሲ ልኳ እንዳልሆነ እያወቀች አንድ ጥንድ ሰማያዊ ጫማ ትገዛለች። በስልኬ ብርሃን እያነበብኩ ድምፄን አፍኜ ስስቅ እናቴ ነቅታ «ምን አገኘሽ ልጄ?» አለችኝ፤ በአማርኛ ተረኩላት። በማግስቱ ጠዋት ስለ ቁስሏ ከመናገሯ በፊት የጠየቀችኝ «ያቺ ልጅ ጫማውን ተወችው ወይስ እንደ ጠበባት ቀረች?» ብላ ነው። እኔንም የያዘኝ ያው ጥያቄ እንደ ነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሬሳ ባይኖርም፣ የሚሳደድ ነፍሰ ገዳይ ባይኖርም፣ የአንዲት ጸሐፊ እግር ጉዳይ ሰውን እስከ ማግስት ያቆያል።

ታሪኩ የሚካሄደው በቦትስዋና ዋና ከተማ በጋቦሮኔ ነው። ፕሬሽየስ ራሞትስዌ አባቷ ኦቤድ የደቡብ አፍሪካ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሳንባውን እስኪጎዳ ሠርቶ ያፈራቸውን 180 ከብቶች ትወርሳለች፤ ከእነርሱ ሽያጭ ባገኘችው ገንዘብ በክጋሌ ኮረብታ ግርጌ የምርመራ ቢሮ ትከፍታለች። ደራሲው በ1948 እ.ኤ.አ. በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ በቡላዋዮ ከተማ የተወለደ፣ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ሕግ ያስተማረ ፕሮፌሰር ሲሆን፣ በቦትስዋናም ሕግ አስተምሯል። የመጀመሪያው ቅጽ በ1998 እ.ኤ.አ. ወጣ። ይህ የሕግ ሰውነቱ ለመልሴ ያስፈልጋል። በተከታታዩ ውስጥ ከወንጀሉ ይልቅ የሚበዛው የፍርድ ጥያቄ ነውና።

የመጀመሪያውን ቅጽ የመጀመሪያ ጉዳይ ይመልከቱ። አንዲት ሴት ቤት አንድ ሰው መጥቶ «አባትሽ ነኝ» ብሎ ይቀመጣል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጦራል። ልጅት ግን ልቧ አላመነውም። እማ ራሞትስዌ የነርስ ልብስ ለብሳ ወደ ሰውየው ትሄድና ልጁ አደጋ እንደ ደረሰባት፣ ብዙ ደም እንደሚያስፈልጋት፣ ደም የሚሰጠው የሥጋ ዘመድ ራሱም ሊሞት እንደሚችል ትነግረዋለች። ሰውየው ወዲያው አባቷ እንዳልሆነ አመነ። ይህን ለእናቴ ስነግራት «የሰሎሞን ፍርድ ነዋ!» አለች፤ ልክ ነበረች። ማስረጃው የጣት አሻራ ወይም ቤተ ሙከራ አይደለም፤ የሰውን ባሕርይ ማወቅ ነው። ይህን ደግሞ ማንኛችንም ከአያቶቻችን ስንሰማ ያደግነው ስለሆነ መጽሐፉ በሌላ አገር ተጽፎ ሳለ እንግዳ አይሆንብንም።

ከዚህ ይበልጥ የምወደው እውነቱ ከተገኘ በኋላ የሚመጣውን ነው። በሌሎች የምርመራ ልብወለዶች አድራጊው ሲታወቅ ታሪኩ ያበቃል። እማ ራሞትስዌ ግን «ይህን እውነት ለማን፣ እንዴት፣ ምን ያህሉን ልንገር? ከነገርኩ በኋላስ እነዚህ ሰዎች እንዴት አብረው ይኖራሉ?» ብላ ትጨነቃለች። በሁለተኛው ቅጽ፣ «የቀጭኔ እንባ» ውስጥ (ፍጻሜውን ስለምገልጽ ይቅርታ ይደረግልኝ) አንዲት አሜሪካዊት እናት ከአሥር ዓመት በፊት ቦትስዋና ውስጥ የጠፋው ልጇ ምን እንደ ደረሰበት ለማወቅ ትመጣለች። ልጁ በአደጋ ሞቷል። እማ ራሞትስዌ ይህን ስታረጋግጥ ሟቹ የሚወዳት ሴት ጸንሳ እንደ ነበርና ወንድ ልጅ እንደ ወለደች ትደርስበታለች፤ አያትና የልጅ ልጅንም ታገናኛቸዋለች። ለአያቲቱ የሚሰጣት ስጦታ በላዩ የቀጭኔ እንባ የሚባል ጥለት ያለበት ቅርጫት ነው፤ ቀጭኔ ሌላ የምትሰጠው ስላልነበራት እንባዋን ሰጠች ይባላል። አገራችን ውስጥ ሽማግሌ ተቀምጦ ሲያስታርቅ ያየ ሰው ይህን አሠራር ወዲያው ይለየዋል፤ ጥፋተኛን ከመቅጣት በፊት የተበጠሰውን መቀጠል ይቀድማል።

ስለ ቀልዱም ልናገር። ቀልዱ ሰውን አያዋርድም። ባሏ የጠፋባት ሴት «ሌላ ሴት ወስዳው ይሆናል» ብላ ትመጣለች፤ ሰውየው ለጥምቀት ወንዝ እንደ ገባ አዞ እንደ በላው የታወቀው እማ ራሞትስዌ አዞውን ገድላ ሆዱ ውስጥ የእጅ ሰዓቱን ስታገኝ ነው። ሚስቱም ይህን ስትሰማ ቢያንስ ከጌታ ዘንድ እንጂ ከሌላ ሴት እቅፍ ውስጥ አለመሆኑን አስባ ትጽናናለች። ሳቁም ሐዘኑም በአንድ ትንፋሽ ይመጣል፤ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። እማ ማኩትሲ ደግሞ ከጸሐፊዎች ኮሌጅ በ97 ከመቶ መመረቋን በየቅጹ ታነሣለች። የማትሪክ ውጤቱን ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚነግረን ዘመድ ላለን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም። ግን ከድሃ ቤት ወጥታ በትልቅ መነጽሯ ስትማር የኖረች ሴት ከዚያ ቁጥር በቀር የምትኮራበት ንብረት እንዳልነበራት ስናስታውስ ሳቁ ወደ አክብሮት ይለወጣል። ድግግሞሹ የማይሰለቸው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ቃሉ ያው ሆኖ የተናጋሪዋ ኑሮ እየተለወጠ ስለሚሄድ በየቅጹ የሚሰጠው ስሜት ይለያያል።

አጠራሩም ሌላው ደስታዬ ነው። በቦትስዋና ሰዎች ቋንቋ በሴትስዋና ሴት «እማ»፣ ወንድ «ራ» ተብሎ ይከበራል። የመኪና ጋራዥ ባለቤት የሆነው አቶ ጄ.ኤል.ቢ. ማቴኮኒ እማ ራሞትስዌን ካገባ በኋላ እንኳ እርሷ በሙሉ ስሙ ነው የምትጠራው። እንግሊዝኛው «አንተ»ን ከ«እርስዎ» አይለይም፤ እኔ ግን ሳነብ ሁሉንም በ«እርስዎ» እሰማዋለሁ። በአንዱ ቅጽ የትንሿ ነጭ መኪናዋ ሞተር መጥፎ ድምፅ ያሰማል፤ ባሏ ከሰማ «በቃት» እንደሚል ስለምታውቅ የጋራዡን ተለማማጅ ፋንዌልን በምስጢር ታስመረምራለች። መቶ ገጽ የሚያስጨንቀን ይህ ነው፤ አንዲት መኪና ትኖራለች ወይስ ትሞታለች።

ደራሲው ነጭ ወንድ መሆኑን፣ ቦትስዋናንም ያለልክ አሳምሮ መሳሉን የሚነቅፉ አሉ። ነቀፋው መሠረት የለውም አልልም። ቢሆንም ሐዘኑ ተደብቋል በሚለው አልስማማም። የእማ ማኩትሲ ወንድም በሕመም ሲሞት የበሽታው ስም አይጠራም፤ በዚያ ዘመን ብዙ ቤተሰብ የኖረው ስሙን ሳይጠራ ነበርና ዝምታው ከየትኛውም መግለጫ ይልቅ እውነተኛ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የእማ ራሞትስዌ የመጀመሪያ ባልም የሚደበድባት ሰው ነበር፤ ደግነቷ መከራን ካለማወቅ የመጣ አይደለም። የምቀበለው ድክመት አንዳንድ የመካከለኛ ቅጾች ጉዳያቸው የላላ መሆኑን ነው፤ እነዚያን ለሰዎቹ ስል እንጂ ለምርመራው ስል አላነበብኳቸውም።

ስለ ቅደም ተከተሉ፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት በተራ ያንብቡ፤ የአባቷን ታሪክ፣ የመጀመሪያ ጋብቻዋን፣ ሁለቱ ወላጅ አልባ ልጆች ወደ ቤቷ እንዴት እንደ መጡ የሚያውቁት ከዚያ ነው። ከዚያ በኋላ የደረሰብዎትን ቅጽ ቢያነሡ ብዙ አይጎድልብዎትም፤ ብቻ እማ ማኩትሲ ከጸሐፊነት ተነሥታ እየተሾመች የምትሄድ ስለሆነ ቢቻል ወደ ኋላ አይመለሱ። በጂል ስኮት መሪ ተዋናይነት ቦትስዋና ውስጥ የተቀረጸው ሰባት ክፍል ያለው የቴሌቪዥን ድራማም ያማረ ነው፤ ከመጽሐፉ በኋላ ቢያዩት ግን ይሻላል። ቤትዎ ውስጥ እንቅልፍ ያጣ ወይም የታመመ ሰው ካለ ደግሞ ብቻዎን አያንብቡት፤ ጮክ ብለው ይተርኩለት።