ያን ወታደር በፈረስ መብላት ነበረብኝ?

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና የምኖር መምህር ነኝ። በቅርቡ ደብረ ብርሃን በተካሄደ የቼዝ ውድድር ጥቁሩን ይዤ ነበር። (ፊደሉና ቁጥሩ የቦርዱን ቤት ያመለክታል) ኢ4 ኢ5፣ ፈረስ ኤፍ3 ፈረስ ሲ6፣ ጳጳስ ሲ4 ፈረስ ኤፍ6 ተባብለን ስናበቃ ነጩ ፈረሱን ጂ5 አደረሰው። ዲ5 ብዬ ወታደሬን ሲበላው፣ የበላበትን ወታደር በፈረሴ በላሁት። ወዲያው ፈረሱን ኤፍ7 ላይ ሠውቶ ንጉሤን ሜዳ አወጣውና አሸነፈኝ። በሰንጠረዥ፣ ማለትም በባህላዊው የኢትዮጵያ ቼዝ፣ ያደጉት አያቴ «የጨዋታ አጀማመር በቃል አይጠናም» ይሉኛል። ስሕተቴ የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ ስሕተቱ አምስተኛው እንቅስቃሴዎ ነው፤ ዲ5 ማለትዎ ግን ትክክል ነበር። ኤፍ7 በጨዋታው መጀመሪያ ከንጉሡ በቀር ጠባቂ የሌለው ቤት ስለሆነ የነጩ ፈረስና ጳጳስ አነጣጥረውበት ነበር፤ ዲ5 የጳጳሱን መንገድ ይዘጋል። በፈረስ ሲበሉ ግን ሌላ አደጋ መጣ። የተሠዋውን ፈረስ ንጉሥዎ እንደበላ ንግሥቲቱ ኤፍ3 ላይ ሆና ንጉሡን ቼክ ትላለች (በቀጥታ ታጠቃዋለች)፤ ዲ5 ላይ ያለውን ፈረስም በዚያው ታስፈራራለች። ፈረሱን ላለማስበላት ንጉሡ ኢ6 መውጣት ግድ ይሆንበታል፤ እዚያ ሲቆም ጳጳሱ ፈረሱን ከንጉሡ ፊት አስሮ ይይዘዋል (ፈረሱ ቢነሣ ንጉሡ ይጠቃል)፤ ሁለተኛው የነጭ ፈረስ ሲ3 ላይ ሲጨመር ደግሞ በታሰረው ፈረስ ላይ ሦስት አጥቂዎች ይቆማሉ። ጣሊያኖች ከ400 ዓመት ገደማ በፊት የሚያውቁት ይህ ጥቃት በጉበት ጥብስ ስም ይጠራል። ጥቁሩ አንድ ፈረስ ስለሚበልጥ መከላከያ አያጣም፤ ሰዓት እየቆጠረ ያንን ማግኘት ግን ለበሰለ ተጫዋችም እጅግ ከባድ ነው።

ወታደሩን ትተው የሲ6ን ፈረስ ኤ5 ላይ አድርገው ጳጳሱን ያስፈራሩት። ጳጳሱ ቢ5 ላይ ቼክ ሲል ወታደርዎን ሲ6 ላይ አድርገው ይከልክሉ፤ ያን የነጩ ወታደር ሲበላ ቢ7 ላይ ባለው ወታደር መልሰው ይብሉ። አንድ ወታደር ይጎድልዎታል፤ ነጩ ግን ጳጳሱን፣ ቀጥሎም ፈረሱን እየመለሰ ጊዜ ስለሚያጠፋ እርስዎ ጦርዎን በነፃነት ያወጣሉ። እኔ ይህን ልውውጥ ሁልጊዜ እመርጣለሁ።

አያትዎ የተናገሩት ለሰንጠረዥ እውነት ነው። ወረራ በሚባለው ክፍል የመጀመሪያው መብላት እስኪደርስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ ጦሩን ይደረድራል፤ ስለዚህ በቃል የሚያዝ ቅደም ተከተል የለም። በቼዝ ግን ተራው አንድ በአንድ ነውና አንዲት ተራ ጨዋታ ታጠፋለች። ቦርዱን ከነጩ ጂ5 ጀምረው ይደርድሩና አያትዎ ነጩን ይያዙ፤ እርስዎም ኤ5ን ይሞክሩባቸው።