ስፓኒሽን በአማርኛ በኩል ተማሩት

ልጆቼ፣

ስፓኒሽ ልትማሩ ደቡብ አሜሪካ ለመሄድ የምታስቡ እንዳላችሁ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ብቻ አደራ ልበላችሁ። በእንግሊዝኛ በኩል ዞራችሁ አትሂዱ። በአማርኛ በኩል አቋራጭ አለ። እኔ ያገኘሁት ዘግይቼ ነው።

ነርስ ነኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከታካሚዎቼ ብዙዎቹ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ነበሩ። «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ለማለት እንኳን በስልክ አስተርጓሚ እስኪገኝ እንጠብቅ ነበር። ሰው ፊት ለፊትሽ እያቃሰተ ስልክ ይዞ መጠበቅ በጣም ይከብዳል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2007 ፈቃዴን አጠራቅሜ ለስምንት ሳምንት ወደ ኢኳዶር ዋና ከተማ፣ ወደ ኪቶ ሄድኩ። ያኔ አርባን አልፌ ነበር።

ኪቶ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አዲስ አበባን ትበልጣለች። የደጋ ልጅ ነኝ ብዬ በደረስኩበት ቀን ዳገት ለዳገት ስል ዋልኩ፤ ማታ ራሴን ሲያመኝ አደረ። ለካ ሰውነት ቆላ ሲከርም ደጋውን ይረሳል። እናንተ ሁለት ሦስት ቀን ዕረፉ፣ ውሃ ጠጡ።

የመጀመሪያው ሳምንት ባከነ። የገባሁበት ትምህርት ቤት ሁሉንም ነገር በእንግሊዝኛ ነበር የሚያስረዳው። «ቡና እወዳለሁ» ለማለት የሚያስፈልገው «ሜ ጉስታ» ላይ ክፍሉ በሙሉ ተቸገረ። በእንግሊዝኛ ሰውየው ነው ቡናውን የሚወደው፤ በስፓኒሽ ግን ቡናው ነው ሰውየውን ደስ የሚለው። እኔም አብሬ ተቸገርኩ፤ በእንግሊዝኛ እያሰብኩ ነበራ! ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ነው ብልጭ ያለልኝ። እኛስ «ደስ ይለኛል» አይደል የምንለው? «ሜ ዱኤሌ ላ ካቤሳ» ማለትስ «ራሴን ያመኛል» አይደለም? በሁለቱም ቋንቋ እኔ አድራጊ አይደለሁም፤ ነገሩ የሚደርስብኝ ነኝ። ለነርስ ከዚህ የሚበልጥ ዓረፍተ ነገር የለም።

በሳምንቱ ትምህርት ቤት ቀየርኩ። ኪቶ ውስጥ አንድ ለአንድ ማስተማር የተለመደ ነው። አራት ሰዓት ከአስተማሪ ጋር ትውላላችሁ፣ ከዚያ ከቤተሰብ ጋር ታድራላችሁ። ይህን ምረጡ። አስተማሪዬ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ስለማትወድ አሮጌውን ከተማ እያዞረች ነበር የምታስተምረኝ። ላ ኮምፓኚያ ቤተ ክርስቲያን ገብተን ያየሁትን ሁሉ በስፓኒሽ እንድነግራት ታደርጋለች። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1605 ተጀምሮ በ1765 ነው ያለቀው። ውስጡ ከወለል እስከ ጣሪያ የወርቅ ቅብ ነው፤ ቃላት ያልቁባችኋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ኪቶና ላሊበላ እዚያው ዝርዝር ላይ ነበሩ። ይህን ስነግራት ቀኑን ሙሉ ስለ ላሊበላ አስወራችኝ። በሰባራ ስፓኒሽ፣ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ!

የከተማው አነጋገር ደግሞ ለእኛ ጆሮ ቅርብ ነው። ማኛና (ነገ)፣ ኒኞ (ልጅ) ሲሉ የእኛው «ኘ» ናት። መንገድን «ካዤ» ይሉታል፤ የእኛው «ዠ»። እናት ልጇን ስትጠራ ልጁ «ማንዴ?» ይላል። ሲፈታ «ይዘዙኝ» ማለት ነው፤ የእኛ «አቤት» በሉት። «ቱ» እና «ኡስቴድ» እንደ አንተና እርስዎ ናቸው። ማንን አንቱ ማለት እንዳለብን ከቤታችን ይዘነው እንመጣለን። «ዳሜ አብሪዬንዶ» የሚሉትን አባባል ማድሪድ አታገኙትም፤ ኪችዋ ከሚባለው የአገሬው ነባር ሕዝብ ቋንቋ የወረሱት ነው። እኛ ግን በአንዲት ቃል እንለዋለን፦ «ክፈትልኝ»።

አማርኛ የሚያሳስትበት ቦታም አለ። ስፓኒሽ ለእኛ «ነው» ሁለት ግስ አለው። «ኤስ ሊስታ» ካላችሁ ጎበዝ ናት፤ «ኤስታ ሊስታ» ካላችሁ ዝግጁ ናት። ለእኛ ሁለቱም «ናት» ነው። እዚህ ላይ መሸምደድ እንጂ ሌላ መላ አላገኘሁም።

ስለ ጸጥታው ሳልነግራችሁ ብቀር ይቆጨኛል። ያኔ እንደነበረው አይደለም። የኢኳዶር መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በወንጀል ቡድኖች ምክንያት የውስጥ የትጥቅ ግጭት መኖሩን አውጇል። ከመሄዳችሁ በፊት ወቅታዊውን ሁኔታ አጣሩ፤ ማታ ብቻችሁን አትውጡ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ የቪዛውን ነገር ቀድማችሁ ጨርሱ። ቤተሰብ ከሰጋ የቦሊቪያዋ ሱክሬ አለች፤ የፔሩዋ ኩስኮ አለች። ሁለቱም አሮጌ ከተሞች ናቸው፣ ሁለቱም ደጋ ናቸው፤ አነጋገሩ ከኪቶ ቢለይም፣ በአማርኛ በኩል መማሩ እዚያም ይሠራል።

አሁን ስለ ቤቱ። የተቀመጥኩት አንዲት ባል የሞተባቸው አሮጊት ዘንድ ነበር። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው፤ በዚያ ዓመት የእነሱና የእኛ ፋሲካ በአንድ ቀን ነበር የዋለው። በሕማማት ሳምንት ፋኔስካ የሚባል ወፍራም ሾርባ ይሠራሉ። ባቄላ፣ አተር፣ በቆሎ፣ ምስር፣ ዱባና ሌላም ይገባበታል፤ እህሉ እንደ ሐዋርያት 12 መሆን አለበት ይላሉ። ሥጋ የለበትም፤ ወተትና የደረቀ ዓሣ ግን አለበት። ስለዚህ አልበላም አልኳቸው። ምክንያቴን በተሰባበረ ስፓኒሽ ነገርኳቸው። አልተቀየሙኝም። በቆሎና ባቄላ ለብቻ ቀቅለው በሳህን አቀረቡልኝ። ያው ንፍሮ ነው።

ሐሙስ ዕለት ማታ ወጥ ቤት ቁጭ ብለን ባቄላ እንፈለፍላለን። ግድግዳው ላይ የባለቤታቸው ፎቶ አለ። ሳየው አዩኝ። «ሴ ሜ ሙሪዮ» አሉ።

የሰዋስው መጽሐፌ ይቺን «ሜ» በእንግሊዝኛ ሊያስረዳ ሦስት ገጽ ይፈጃል። ሳይታሰብ የሚደርስ ነገር፣ የተነካው ሰው፣ ምናምን እያለ። ሰባት ጊዜ አንብቤው አልገባኝም ነበር። ያን ማታ ግን መጽሐፍ አላስፈለገኝም። «ሞተ» አላሉም። «ሞተብኝ» ነው ያሉት።

የማጽናኛ ስፓኒሽ ገና አልተማርኩም። ወንበሬን አስጠጋሁና ለቅሶ ቤት እንደምናደርገው ዝም ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እጃቸውን ያዝ አደረግኋቸው። ትንሽ ቆይተው ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት፤ ባቄላው ገና ብዙ ይቀረን ነበር።