ቅጠሉ ቢጫ፣ ጅማቱ አረንጓዴ፦ አጥሩ ሥር ኖራ አለ

አንዲት የደሴ አንባቢ እንዲህ ብላለች፦ «አምና የብሎኬት አጥር አሠርተን በሥሩ ጽጌረዳ፣ ሃይድራንጃ፣ ጄራኒየምና ከኮምቦልቻ ያመጣሁት ቡገንቪላ ተከልኩ። የጽጌረዳው አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ይወጣል፤ ጅማቱ ግን አረንጓዴ ነው። ሰማያዊ የነበረው ሃይድራንጃ ዘንድሮ ሮዝ አበበ። ቡገንቪላው ቅጠል ብቻ ሆነ። አንድ አትክልተኛ ዩሪያና አመድ ቢጨምርበት ጭራሽ ባሰበት። ጸሐይ የሚከልለውን የድሮ ቅንጭብስ ልቁረጠው?»

እህቴ፣ አብሽሪ፣ አይሞትም። ሃይድራንጃው ብቻውን ይበቃኛል፤ ሰማያዊው ወደ ሮዝ ከዞረ አፈሩ ኖራ በዝቶበታል። ግንበኞች ሥራ ሲጨርሱ የተረፈውን ኖራ ያለበት የሲሚንቶ ሞርታርና የብሎኬት ስባሪ የት የሚያደርሱት ይመስልሻል? እዚያው አጥሩ ሥር ደፍተው ሦስት ጣት አፈር ያለብሱታል። ክንድ ያህል ቆፍሪና ደረቅ አፈር በሰሐን አድርገሽ ኮምጣጤ ጠብ አድርጊበት። ቺስ ብሎ አረፋ ካወጣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግሽም።

ቅንጭቡን ከመንካትሽ በፊት ግን፦ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ እስከ መታወር ሊያደርስ ይችላል። ዝርዝሩን ከታች እመለስበታለሁ፤ እስከዚያ ማንም አይንካው።

አሁን ስለ ቢጫው። ይህን ብዙ ሰው ስለሚስተው ትንሽ ታገሺኝ። ቅጠል ቢጫ በሆነ ቁጥር ዩሪያ የሚረጭ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የትኛው ቅጠል እንደታመመ ነው። ናይትሮጅን ተክሉ ውስጥ ይዘዋወራል፤ ሲያጥር አሮጌው ቅጠል ያለውን ለለጋው ያጎርሳል፣ ስለዚህ ቢጫው ከታች ይጀምራል። ብረት እንዲህ አይደለም። አንድ ቅጠል ላይ አንዴ ከተቀመጠ ለሌላው አይተርፍም፤ ሲያጥር የሚጎዳው ጫፍ ላይ ያለው ለጋ ነው። አረንጓዴው ቀለም ያለ ብረት አይሠራም፤ ጅማቱ አካባቢ ጥቂት ስለሚደርስ እሱ ብቻ አረንጓዴ ይቀራል። ደግሞ ብረቱ ከአፈሩ ጠፍቶ አይደለም፤ ኖራ የበዛበት አፈር ውስጥ ስለማይሟሟ ሥሩ ሊመጠው አልቻለም። የሃይድራንጃውም ነገር ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ሰማያዊ የሚያደርገው አሉሚኒየም ነው፣ እሱም የሚሟሟው ኮምጣጣ አፈር ላይ ነው። አመድ ደግሞ እንደ ኖራው ነው። ያ አትክልተኛ በእሳት ላይ ጋዝ ነው የጨመረልሽ! የዛገ ምስማር ቅበሪ የሚልሽም ካለ አትስሚው፤ ያም ዝገት እዚያው ተቆልፎ ይቀራል።

መፍትሔው አካፋ ነው። ጽጌረዳውንና ሃይድራንጃውን ከነአፈራቸው አንሺ፣ ፍርስራሹን ግማሽ ሜትር ጥልቀት ድረስ አውጪ፣ በንጹሕ አፈርና በደንብ በበሰበሰ ፍግ ሙዪው። ስታነሺ ሥሩን እዪ፤ ከነችግኙ ጥቁር ላስቲክ የተተከለ ቢያጋጥምሽ አይገርመኝም፣ በየግቢው የማየው ነው። ሃይድራንጃውን ከአጥሩ ራቅ አድርጊው፤ የጠዋት ጸሐይና የከሰዓት ጥላ ይስማማዋል፣ በክረምት ያጠራቀምሽውን የጣራ ውሃ አጠጪው። ጄራኒየሙ ግድ የለውም፣ እዚያው ይቆይ፤ ውሃ ብቻ አታብዢበት።

እስኪያገግም የብረት ኬሌት፣ ማለትም ብረቱ አፈር ውስጥ እንዳይቆለፍ ተደርጎ የተሠራ ማዳበሪያ፣ ሥሩ ላይ አጠጪ። ማሸጊያው ላይ ኢዲዲኤችኤ (EDDHA) የሚል ይሁን። ኢዲቲኤ (EDTA) የሚለው ርካሹ ኖራማ አፈር ላይ ወዲያው ይፈርሳል። በፌስታል ተቋጥሮ የሚሸጠውን ስም የለሽ ዱቄትማ ጭራሽ አልፈርምበትም። መጠኑን ከማሸጊያው አንብቢ።

ቡገንቪላው ሌላ ጉዳይ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ ስለሆነ ይፈነጥዝበታል፤ ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለጋውን ያቃጥለዋል። ዩሪያው ደግሞ ቅጠል ብቻ አስወጣው። ማዳበሪያውን አቁሚ፣ ቀኑን ሙሉ ጸሐይ የሚያገኝ ግድግዳ ሥር አድርጊው፣ አፈሩ ሳይደርቅ አታጠጪው። ትንሽ ሲጠማ ነው የሚያብበው።

ስለዚህ ጸሐዩን የሚከልለው ቅንጭብ መቆረጥ አለበት። ዓይንን ዙሪያውን የሚሸፍን ግልጽ የመከላከያ መነጽር፣ ረጅም እጅጌና የጎማ ጓንት አድርጊ፤ የጸሐይ መነጽር ጎኑ ክፍት ስለሆነ አይበቃም። ነፋስ በሌለበት ቁረጪ፣ ከራስሽ በላይ ያለውን ቅርንጫፍ አትቁረጪ፣ ልጆቹን ቤት አስገቢ። በጓንቱ ፊትሽን እንዳትነኪ። ወተቱ ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ሩብ ሰዓት እጠቢና ሕመሙ ቢቀልም ጤና ጣቢያ ሂጂ። እደግመዋለሁ፦ መነጽር ከሌለሽ ቅንጭቡ ይቆይ።

ቢጫ የሆነው አሮጌ ቅጠል ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል፤ የምታዪው ከዚህ በኋላ የሚወጣውን ነው። ሃይድራንጃው ግን ይዘገያል፣ ቀለሙን የምታውቂው በሚቀጥለው አበባው ነው።