የሕግ ምክር፦ እናቴን ብቻዬን ነው የማስታምማት፤ እርዳታ ብጠይቅ ወረቀቷን ይጎዳባታል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። የ74 ዓመት እናቴን ዜጋ ሆኜ አመልክቼ ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ ግሪን ካርድ ካገኘች 4 ዓመት ከ7 ወር ሆኗታል። ባለፈው ዓመት ሐኪም የመርሳት ሕመም እንዳለባት ነገረን። ሌሊት ተነሥታ በር ትከፍታለች፤ ቀን ምድጃ ለኩሳ ትረሳለች። ከሁለት መቶ በላይ ሠራተኛ ባለው ሆቴል ነው የምሠራው፤ ፈቃድ ብጠይቅ አለቃዬ «ፈቃድ የሚሰጠው ራስሽ ስትታመሚ ወይም ስትወልጂ ነው» አለኝ። ወንድሜ እዚሁ ቨርጂኒያ ይኖራል፤ ኑሮው ደኅና ቢሆንም ለበዓል ካልሆነ አይመጣም። ትንሽ ልተንፍስ ብዬ እናቴን ለስምንት ወር አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ልልካት፣ ካልሆነም የአጎቴን ልጅ በጉብኝት ቪዛ አስመጥቼ እየከፈልኳት እንድትይዝልኝ አስቤአለሁ። የመንግሥት እርዳታ ብጠይቅ ግን ስትመጣ የፈረምኩት ወረቀት እንደሚያስከፍለኝ፣ እሷንም ዜግነት እንደሚያስከለክላት ሰዎች ይነግሩኛል። እሷ ደግሞ «ዜጋ ከሆንኩ የአዲስ አበባ ቤቴ ይወሰድብኛል» ብላ ትፈራለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

ከዘረዘሯቸው ጉዳዮች ሁሉ ቀድሞ መልስ የሚሻው የአዲስ አበባው ጉዞ ነው። ትኬት ካልቆረጡ አይቁረጡ፤ ቆርጠው ከሆነም ይህን አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ ያቆዩት። እርስዎ ለስምንት ወር እፎይ ለማለት ያሰቡበት መንገድ ለዓመታት ሊያሳርፍዎ የሚችለውን በር ሊዘጋ ይችላል። የእናትዎም ሆነ የእርስዎ ዕረፍት የተንጠለጠለው በእናትዎ የዜግነት ማመልከቻ ላይ ነው፤ ይህን ያልኩበትን ምክንያት ከሥሩ ላስረዳ።

በቨርጂኒያ ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች በሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን ሥር «ሲ.ሲ.ሲ. ፕላስ ዌይቨር» የሚባል መርሐ ግብር አለ። ወደ ነርሲንግ ሆም የሚያስገባ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በገዛ ቤቱ ሆኖ እንክብካቤ እንዲያገኝ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከአገልግሎቶቹ አንዱ «ሬስፒት» ይባላል፤ ትርጉሙም ዋናዋ አስታማሚ እንድታርፍ ሌላ ሰው በመንግሥት ክፍያ የሚተካበት ሰዓት ነው። ከጁላይ 1 እስከ ጁን 30 በሚቆጠረው የበጀት ዓመት ውስጥ እስከ 480 ሰዓት ይፈቀዳል። በማኅበረሰባችን ዘንድ በሰፊው የሚታወቀው የዚህ መርሐ ግብር ሌላኛው ገጽ፣ ማለትም ልጅ እናቷን እየተንከባከበች የሚከፈላት መሆኑ ነው፤ ነገር ግን የዕረፍቱ ሰዓት የታሰበው ያለ ክፍያ ለሚያስታምም ሰው ስለሆነ ተከፋይ ሆነው ከመመዝገብዎ በፊት የትኛው እንደሚበልጥብዎ ማስላት ይኖርብዎታል። ደብዳቤዎ እንደሚነግረኝ ከሆነ የጎደለዎት ከገንዘቡ ይልቅ እንቅልፍ ነው።

እናትዎ ወደዚህ መርሐ ግብር እንዳይገቡ ዛሬ የሚከለክሏቸው ነገሮች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ብዙ ሰው የሚያውቀው ነው፤ በቤተሰብ ማመልከቻ ግሪን ካርድ ያገኘ ሰው በመደበኛው ደንብ አምስት ዓመት ሳይሞላው ሜዲኬይድ አይፈቀድለትም። ሁለተኛው ግን አምስት ዓመቱን በጣታቸው ቆጥረው የጠበቁ ቤተሰቦችን የሚያስደነግጥ ነው። እርስዎ ዋስ ሆነው የፈረሙት የድጋፍ ቃለ መሐላ፣ ማለትም ቅጽ አይ-864፣ በአምስት ዓመት አያበቃም። የሚያበቃው እናትዎ ዜጋ ሲሆኑ፣ የ40 ሩብ ዓመት የሥራ ዘመን ሲቆጠርላቸው፣ አገሩን ለቀው በቋሚነት ሲሄዱ ወይም ሲያርፉ ነው። እስከዚያ ድረስ የፌዴራል ሕግ በገቢ መጠን ለሚሰጡ እርዳታዎች የዋሱ ገቢ ከተረጂው ገቢ ጋር እንዲቆጠር ስለሚያዝ፣ ምንም ገቢ የሌላቸው እናት በልጃቸው ደመወዝ ምክንያት «ገቢዎ ከፍተኛ ነው» የሚል መልስ ሊደርሳቸው ይችላል፤ የተሰጠውን እርዳታ መንግሥት ከዋሱ የመጠየቅ መብትም አለው። እንግዲህ ወሬው ባዶ አይደለም። ሆኖም እናትዎ የዜግነት መሐላ በፈጸሙበት ቀን ይህ ግዴታ ይቋረጣል፤ በዕድሜያቸውና በገቢያቸው ማነስ ለኤስ.ኤስ.አይ.፣ ማለትም ለፌዴራሉ ወርሃዊ የገንዘብ ድጎማ፣ ማመልከትም ይችላሉ። በቨርጂኒያ ኤስ.ኤስ.አይ. ያገኘ ሰው ሜዲኬይድ ወዲያው እንደማይሰጠውና ለብቻው ማመልከት እንዳለበት ግን ልብ ይበሉ።

እርዳታ መጠየቅ ዜግነት ያስከለክላል የሚለው ግን ስሕተት ነው። የመንግሥት ሸክም የመሆን መመዘኛ፣ ማለትም ሰውየው ኑሮው በመንግሥት እርዳታ ላይ ይወድቃል ወይ የሚለው ጥያቄ፣ የሚታየው ወደ አገሩ ሲገባና ግሪን ካርድ ሲጠየቅ ነው፤ በኤን-400 የዜግነት ማመልከቻ ላይ መመዘኛ አይደለም።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ። በግሪን ካርዳቸው ፊት ለፊት የነዋሪነታቸው መነሻ ቀን ተጽፏል። አምስተኛው ዓመት ከመሙላቱ 90 ቀን በፊት ማመልከቻውን ማስገባት ስለሚፈቀድ፣ በነገሩኝ ስሌት ከሁለት ወር በኋላ ማስገባት ይችላሉ። የቋንቋውና የታሪኩ ፈተና እንዳይደነቅዎት፤ በዕድሜ ብቻ የሚሰጠው ነጻነት ረጅም የነዋሪነት ዘመን ስለሚጠይቅ ለእናትዎ ባይሆንም፣ በሕመም ምክንያት መማር ለማይችል ሰው ቅጽ ኤን-648 አለ። ቅጹን የሚሞላው ሐኪም ወይም የክሊኒክ ሥነ ልቦና ባለሙያ ነው፤ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ መፈረምም አለበት። ብዙ ቅጾች የሚመለሱት ሐኪሙ ስለተቻኮለ ነው። «አርጅተዋል፣ ይረሳሉ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ምክንያቱም እርጅና በዚህ ሕግ ዓይን አካል ጉዳት አይደለም። ሕመሙ በስሙ ተጠርቶ፣ በምን ምርመራ እንደታወቀ፣ ቢያንስ 12 ወር የቆየ ወይም የሚቆይ መሆኑና አዲስ ነገር ተምሮ ከመያዝ የሚያግዳቸው እንዴት እንደሆነ አንድ በአንድ ሊብራራ ይገባል። ሕመሙ ከጠናና መሐላውን መረዳት ካልቻሉም ከመሐላው ነጻ የሚደረጉበት መንገድ አለ፤ ዜጋ የሆነችና ዋና አስታማሚያቸው የሆነች ልጅ ወኪል ሆና ልትቀርብላቸው ትችላለች።

ጉዞውን የተቃወምኩት በዚህ ምክንያት ነው። ከስድስት ወር በላይ በውጭ መቆየት ለዜግነት የሚያስፈልገውን ተከታታይ ነዋሪነት እንዳቋረጠ ያስገምታል፤ ግምቱን በማስረጃ ማፍረስ ቢቻልም ሸክሙ የእናንተ ይሆናል። ከ180 ቀን በላይ ቆይቶ የሚመለስ የግሪን ካርድ ባለቤትም እንደ አዲስ ገቢ ሊታይ ስለሚችል፣ ለዜግነት አይጠየቅም ያልኩት የመንግሥት ሸክም ጥያቄ በአውሮፕላን ማረፊያው ሊነሣባቸው ይችላል። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው በዚያ መስኮት ፊት ቆሞ ስለ ራሱ ሲጠየቅ ምን ሊመልስ እንደሚችል እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። አክስትዎን ማየታቸው ለመንፈሳቸው የሚያስፈልግ ከሆነ አጭር ጉዞ፣ ለምሳሌ አራት ወይም ስድስት ሳምንት፣ ይህን ሁሉ አያስከትልም።

እስከዚያው ድረስስ? አለቃዎ የነገረዎት ትክክል አይደለም። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የፌዴራል የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ በጽኑ የታመመ ወላጅን ለመንከባከብም ይሠራል። የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ በዚያ ሥራ ላይ 12 ወር መቆየት፣ ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ 1,250 ሰዓት መሥራት፣ እንዲሁም አሠሪው በ75 ማይል ክልል ውስጥ 50 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት መሆኑ። ክፍያ የለውም፤ ነገር ግን 12 ሳምንት ሙሉ ሥራዎና የጤና ኢንሹራንስዎ ይጠበቃሉ። ሰዎች የሚስቱት ትልቁ ነገር ፈቃዱ በአንድ ጊዜ መወሰድ ያለበት መስሏቸው መቅረታቸው ነው። ሐኪሙ እንደሚያስፈልግ ካረጋገጠ በቀን ወይም በሰዓት ተከፋፍሎ ሊወሰድ ይችላል። በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 12 ሳምንት ማለት 480 ሰዓት፣ ማለትም 60 የሥራ ቀን ነው፤ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ አንድ ቀን ከእናትዎ ጋር ሊውሉበት ይበቃል። ጥያቄዎን በጽሑፍ ለሰው ኃይል ክፍሉ ያቅርቡ፤ የሐኪም ማረጋገጫ ቅጹ ሲሰጥዎ በ15 ቀን ውስጥ ይመልሱ። ከዚያ በኋላም ከከለከሉዎ አቤቱታ የሚቀርበው በሠራተኛ ሚኒስቴር ሥር ላለው የደመወዝና የሥራ ሰዓት ክፍል ነው። ሆቴሉ የሚገኘው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ነዎት፤ የዲሲ ሕግ የታመመ ቤተሰብን ለሚያስታምም ሠራተኛ ክፍያ ያለው ፈቃድ ይሰጣል፤ የሚታየውም ሠራተኛው የሚሠራበት ቦታ እንጂ የሚኖርበት አይደለም። አንባቢዎቻችን እንዲያውቁት ያህል፣ የፌዴራሉ ሕግ «ወላጅ» ሲል አማትን አይጨምርም።

ከአምስቱ ዓመትም ከዋስትናውም ጋር ያልተያያዘ አገልግሎትም አለ። በአረጋውያን አሜሪካውያን ሕግ ሥር የሚሰጠው የቤተሰብ ተንከባካቢዎች ድጋፍ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን ለሚያስታምሙ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ሲሆን፣ በገቢ መጠን የሚወሰን ስላልሆነ በፈረሙት ቅጽ አይ-864 አያስጠይቅዎም። የሚያስተዳድረው የፌርፋክስ የአረጋውያን ጉዳይ ቢሮ ነው፤ በጀቱ ውስን ስለሆነ ወረፋ ሊኖር ይችላልና ስምዎን ዛሬውኑ ያስመዝግቡ፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ለመጠየቅም አይፈሩ። ካውንቲው የሚያስተዳድራቸው፣ ክፍያቸው እንደ ገቢ የሚተመን የአረጋውያን የቀን መዋያ ማዕከላትም አሉ። ቨርጂኒያም በጀት ሲኖር ለተተኪ አስታማሚ የወጣን ገንዘብ የሚመልስ የሬስፒት ቫውቸር ትሰጣለች። ሌላ ካውንቲ ያላችሁ አንባቢዎች የየአካባቢያችሁን ቢሮ ለማወቅ በ1-800-677-1116 መደወል ትችላላችሁ። ለአረጋውያን የሚሰጠውን የፌዴራል የጤና መድን፣ ሜዲኬርን፣ በተመለከተ ግን ብዙ ተስፋ አያድርጉ፤ እናትዎ አምስት ዓመት በተከታታይ ሲኖሩ መመዝገብ ቢችሉም፣ ቤት ውስጥ አብሮ ለሚውል ሰው በመደበኛነት አይከፍልም።

የአጎትዎን ልጅ አያምጧት። በጉብኝት ቪዛ የገባ ሰው ተከፍሎት መሥራት አይችልም፤ «ቤተሰብ ናት፣ ኪስ ገንዘብ ነው» ማለትም ከተደረሰበት አያድናትም፤ የሚበላሸው የእሷ የወደፊት ዕድል ነው። የመሥራት ፈቃድ ያላት ጎረቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን እኅት ከሆነች ሊቀጥሯት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ እርስዎ በሕግ አሠሪ ስለሚሆኑ በዓመት የሚከፍሏት ገንዘብ ከተወሰነው መጠን ሲያልፍ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር የመክፈል ግዴታ አለብዎት።

የቤቱን ነገር በተመለከተ፣ አደጋው ያለው እናትዎ በፈሩት ቦታ ላይ አይደለም። በኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል፤ ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ትውልደ ኢትዮጵያውያን፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ በምንለው መታወቂያ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነታቸው ይጠበቃል። እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ አሜሪካ ያለው ጎን ነው። ሜዲኬይድ የአመልካቹን ሀብት ሲቆጥር የውጭ አገር ቤትም ይቆጠራል፤ ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ ሲሆን ደግሞ ከማመልከቻው በፊት ባሉት 60 ወራት ውስጥ ያለ በቂ ዋጋ የተላለፈ ንብረት እየተመረመረ መርሐ ግብሩን ለተወሰነ ጊዜ ያስከለክላል። ስለዚህ «ቤቱን ለአክስቴ በስጦታ እናዙርላት» የሚል ሐሳብ በቤታችሁ ካለ ያቁሙት። መደበቅ ደግሞ በእናትዎ ስም የሐሰት ቃል መስጠት ነው። ይህ አንድ ጉዳይ ብቻውን ወደ አረጋውያን ሕግ ጠበቃ ያስኬዳል።

ስለ ወንድምዎ የሚገርምዎት ነገር ልንገርዎ። የቨርጂኒያ ሕግ አንቀጽ 20-88 አቅም ያላቸው ልጆች ሁሉ የተቸገረ ወላጃቸውን በጋራ እንዲረዱ ያስገድዳል፤ በኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንደምንለው ያለ ነው። ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ ወላጁ የመንግሥት እርዳታ ሲያገኝም አይሠራም። ቢሆንም በዚህ ሕግ መክሰስን አልመክርም። ፍርድ ቤት ገንዘብ ሊያስከፍለው ይችላል፤ ቅዳሜ ማታ እናቱ አጠገብ እንዲያድር ግን ሊያዝዘው አይችልም፤ እርስዎ የሚፈልጉት ደግሞ ይህንኑ ነው። የምታስታምሙባቸውን ቀናት የሚያከፋፍል አጭር ጽሑፍ በሽማግሌ ፊት ፈርማችሁ፣ ሕጉን ለማስረጃ ያህል ቢያሳዩት ይሻላል።

በመጨረሻ ውክልናው አለ፤ ይህ ከማመልከቻውም በፊት ይቅደም። በቨርጂኒያ ሕግ ውክልና ተቃራኒ ካልተጻፈበት በቀር ወካዩ ችሎታ ቢያጣም ይጸናል፤ የሕክምና መመሪያውም፣ ማለትም ራሳቸው መወሰን ሲያቅታቸው ስለ ሕክምናቸው የሚያገለግለው ሰነድ፣ በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈረማል። የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ከዚህ ይለያል፤ በአንቀጽ 2232 መሠረት ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቀራል፤ በአንቀጽ 2205 ደግሞ ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ለአዲስ አበባው ቤት የተሰጠ ወረቀት አለ ብለው አይተማመኑ። «መማር አይችሉም የሚል ቅጽ እያስሞላን እንዴት ይፈርማሉ?» ብለው ቢጠይቁ፣ መመዘኛዎቹ የተለያዩ ናቸው። አዲስ ቋንቋ ማጥናት ያልቻለ ሰው ልጁ ሒሳቡን እንድትይዝለት መፈለጉን በሚገባ ሊያውቅ ይችላል፤ የሚታየውም በፈረመበት ሰዓት የነበረው ግንዛቤ ነው። ጠዋት አእምሯቸው የሚጠራበትን ቀን መርጠው፣ በሚያውቁት አማርኛ ተነብቦላቸው ይፈርሙ፤ ለኤን-648 የያዙለት ሐኪምም የሚፈርሙትን መረዳት መቻላቸውን በዚያው ሰሞን በተለየ ወረቀት እንዲጽፍልዎ ይጠይቁት።