ጭቃ ልያዝ ብዬ ፈራሁ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ29 ዓመት ሴት ነኝ፣ የጎንደር ልጅ። የተማርኩት ሂሳብ አያያዝ ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ልቤ ግን ሸክላ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማችን አጠገብ ወዳለችው ወለቃ መንደር፣ አንዲት እናት ዘንድ እየሄድኩ ተምሬያለሁ። አሁን ጀበናና ድስት፣ አልፎ አልፎም ምጣድ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ጓሮ ተደብቄ ነው የምሠራው። የቢሮውን ሥራ ትቼ ይህን ልያዝ ብዬ እነሳና መልሼ እፈራለሁ። ባይሸጥልኝስ? እናቴ ደግሞ “ተምረሽ ተምረሽ ጭቃ ልትረግጪ ነው? ሰው ቡዳ ቢልሽስ፣ ማን ያገባሻል?” ትለኛለች። መፍራቴ የእምነት ጉድለት ነው? የእግዚአብሔር ፈቃድ መሆኑንስ በምን አውቃለሁ? የምሠራበትን ቦታ ጠበል ማስረጨትስ ይቻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። “ማታ ማታ ጓሮ ተደብቄ” ያልሽው ቃል ከልቤ አልወጣ አለኝ፣ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ፍርሃቱ። መፍራት ብቻውን ኃጢአት አይደለም። ሰው ነሽ፣ ነገ የምትበይው ያሳስብሻል፣ የእናትሽ ቃል ያምሻል። ይህን የእምነት ጉድለት ብዬ በላይሽ ላይ ሌላ ሸክም አልጨምርም። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው፤ ፍርሃቱ ምን አስደረገሽ?

የዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ ገብር ኄር ይባላል። “መኑ ውእቱ ገብር ኄር” (መልካም አገልጋይ ማን ነው?) እየተባለ የሚዘመርበት፣ የመክሊቱ ወንጌል የሚነበብበት ሰንበት ነው። ታሪኩን ታውቂዋለሽ። ጌታቸው ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ መክሊት ሰጥቶ ሄደ። ብዙ ጊዜ ሦስተኛውን አገልጋይ ሰነፍ ነበር ብለን እናልፈዋለን። እሱ ግን ጌታው ፊት ቆሞ ምክንያቱን ሲናገር ከአፉ የወጣው “ፈራሁ” የሚል ቃል ነው። ፈራሁ፣ ሄጄም ቀበርሁት አለ። ገንዘቡን አልሰረቀም፣ አላጠፋም፣ በመሸታ አልጨረሰም፣ እንዲያውም ሳይጎድል ነው የመለሰው። የተወቀሰው በመቅበሩ ነው።

አንድ ብቻ ስለ ተሰጠው ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ገደማ ነበር፣ አንድ ዲናር ደግሞ የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ። ብታሰይው ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ ድካም ነው። ያን ሁሉ ነው ጉድጓድ ቆፍሮ የከተተው።

ለምን ፈራ? እዚህ ላይ ቆም በይልኝ። “ጨካኝ ሰው መሆንህን አወቅሁ” አለው ጌታውን። ፍርሃቱ የመጣው ስለ ጌታው በልቡ ከሣለው የተሳሳተ ሥዕል ነው። እኛም ብዙዎቻችን እግዚአብሔርን ስንወድቅ ለመቅጣት ዱላ ይዞ የሚጠብቅ አድርገን እናስበዋለን፤ ስለዚህ አንነሳም፣ ካልተነሳን አንወድቅም ብለን። ጌታው ግን ምን አለው? ቢያንስ ለለዋጮች አደራ ብትሰጠው ኖሮ ከትርፉ ጋር እወስደው ነበር። እኔ ይህን ቃል ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይለሰልሳል። እንደ ባለ አምስቱ ለምን አልሆንክም አላለውም እኮ። ትንሿን እርምጃ እንኳ ይቀበለው ነበር።

የራሴን ልንገርሽ። ቅኔ ቤት ሳለሁ ልጅ ነበርኩ፣ ዐሥራ አምስት ቢሆነኝ ነው። ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጠን ቅኔ እንቆጥራለን፣ በልባችን እናዘጋጃለን ማለት ነው፣ ከዚያ የኔታ ፊት ቀርበን እንነግራለን። የመንደሩን ውሻ አልፈራም ነበር፣ አኩፋዳዬን ይዤ “በእንተ ስማ ለማርያም” ስል ጥርሱን ያገጠጠ ውሻ እየመጣብኝም እቆም ነበር። የኔታ ፊት ግን ጉልበቴ ይከዳኛል። ጓደኞቼ ቢስቁብኝስ? ሁለት ወር ያህል ጉባኤ ቃና፣ ያቺን የጀማሪ ባለ ሁለት ቤት ቅኔ፣ እየቆጠርኩ ሳልነግር ዋጥኩት። ሲጠይቁኝ “ገና ነው፣ አልበሰለም” እላለሁ። ትሕትና ይመስል ነበር። አንድ ማታ የኔታ ጠሩኝና “ልጄ፣ ያልተነገረ ቅኔ እኮ አይታረምም” አሉኝ። ነገርኩ። ቤቱ አልመታም፣ ሰም እንጂ ወርቅ አልነበረውም፣ ጓደኞቼም ሳቁ። የኔታ አንድ ቃል አወጡ፣ አንድ ቃል አስገቡና “ነገም ንገር” አሉኝ። በቃ ይኸው ነው። ሁለት ወር የፈራሁት ነገር ያለቀው ጧፍ ተለኩሶ እስኪጠፋ በማይፈጅ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ እናትሽ ቃል ልምጣ፤ የጥያቄሽ ትልቁ ክፍል እሱ ነው ብዬ አስባለሁ። ገንዘቡን ከምትፈሪው በላይ “ምን ይሉኛል”ን ትፈሪያለሽ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አገራችን ባለ እጅን አዋርዳለች። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን ስም አውጥተንላቸው ኖረናል። ወለቃ ማን ይኖር እንደነበር ታውቂያለሽ። ቤተ እስራኤላውያን በ1980ዎቹና በ1991 እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል እስኪሄዱ ድረስ በዚያ ሸክላ ይሠሩ፣ ብረት ይቀጠቅጡ ነበር። ማረሻችንን ሠሩልን፣ ድስታችንን ሠሩልን፣ በጎንደር ነገሥታትም ዘመን በግንበኝነትና በአናጢነት ሠሩ። እኛ ግን በሠሩልን ድስት ወጥ እየበላን “ቡዳ” አልናቸው። አጼ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. በቆረቆሯት ከተማችን ግንቡን ለእንግዳ እያሳየን እንኮራለን፣ ድንጋይ የሚጠርበውን ሰው ግን ልጃችንን አንድርለትም። ይህ ያሳዝነኛል። አጼ ምኒልክ እንኳ በ1900 ዓ.ም ባለሙያን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ስድቡ ግን ከምላሳችን እስካሁን አልወረደም።

እኔ እንደ መምህር በግልጽ የምናገረው ይህን ነው፦ ጭቃ የነካ ሰው በዓይኑ ይበላል የሚል ትምህርት በወንጌል የለም። ሰው ያመጣው ነው፣ ወገንን መናቅ ስለሆነም ኃጢአት ነው፣ ንስሐ ይገባበታል። በመጽሐፍ ሸክላ ሠሪ የተባለው ማን እንደሆነ አስቢ እስኪ። አዳምን ከምድር አፈር ያበጀው ማን ነው? ኢሳይያስ “እኛ ጭቃ ነን አንተም ሠሪያችን ነህ” ያለው ለማን ነው? ኤርምያስን እግዚአብሔር ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ውረድ ብሎ ላከው፤ ወርዶም ዕቃው በሠሪው እጅ ሲበላሽ፣ ሠሪው ያንኑ ጭቃ መልሶ ሌላ ዕቃ ሲያደርገው አየ። ይሄ ማታ ማታ አንቺ የምታደርጊው ነገር ነው። ጌታችንስ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሲያድነው ጭቃ በእጁ አላደረገም? የናዝሬት ሰዎች ሊንቁት ሲፈልጉ የሰደቡት በሙያው ነበር፤ “ይህ ጸራቢው አይደለምን” አሉ። ስለዚህ በእጅ ሥራሽ ከሰደቡሽ ከማን ጋር እንደተሰደብሽ አስታውሺ።

እናትሽን ግን አትክሰሻቸው። ክፉ ሆነው አይደለም፣ እሳቸውም የወረሱት ፍርሃት ነው፣ ልጄን ሰው ያገልልኛል ብለው ነው። ከእሳቸው ጋር አትሟገቺ። ቀስ ብለሽ አንድ ቀን ወለቃ ይዘሻቸው ሂጂ፣ ያስተማሩሽን እናት ይተዋወቁ፣ አብረው ቡና ይጠጡ።

አሁን “ተደብቄ” ወዳልሽው ልመለስ። ጌዴዎንን ታስታውሺዋለሽ? ምድያማውያንን ፈርቶ ስንዴውን በወይን መጭመቂያ ውስጥ ተደብቆ ሲወቃ ነው መልአኩ “አንተ ጽኑዕ ኃያል ሰው” ብሎ የጠራው። ኋላም የበኣልን መሠዊያ እንዲያፈርስ ሲታዘዝ፣ የአባቱን ቤተ ሰብና የከተማውን ሰዎች ስለ ፈራ ቀን ላይ ማድረግ አልቻለም፣ በሌሊት አደረገው። መጽሐፉ ይህን አልደበቀውም። እግዚአብሔርም “በቀን ካልሆነ አልቀበልህም” አላለውም። እየፈራ አደረገው፣ ተቆጠረለት። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ፍርሃቱ እስኪለቀው ይጠብቃል፣ ሲጠብቅ ፀጉሩ ይሸብታል። አንቺ ግን ጓሮ ውስጥ እየፈራሽ እየሠራሽ ነው። ጀምረሻል እኮ።

የእግዚአብሔር ፈቃድ መሆኑን በምን አውቃለሁ ላልሽው፣ ሕልም አትጠብቂ። ሁለት ዓመት ቅዳሜሽን ሰጥተሻል፣ እጅሽ በእሳት ተቃጥሏል፣ የሰነጠቀብሽን ጥለሽ እንደገና ጀምረሻል። ምኞት ይህን ያህል አይታገስም። ሥራው ሐሰት የለበትም፣ ማንንም አይጎዳም፣ ለሰው ይጠቅማል። እንግዲህ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ጸልዪ፤ ሱባኤ መግባት ከፈለግሽም መልካም ነው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ “እየጸለይኩበት ነው” የሚለውን ቃል መደበቂያ አታድርጊው። እኔ “አልበሰለም” እንዳልኩት ማለቴ ነው።

ሥራሽን ግን ዛሬ አትልቀቂ። ይህን ስል ፍርሃትሽን ማገዜ አይደለም። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቆጥራል ብሏል፤ ቅዱስ ጳውሎስም እያስተማረ ድንኳን ይሰፋ ነበር። የቢሮ ሥራሽም የተናቀ አይደለም፣ ደመወዝ ባርነት ነው እያሉ ወጣቱን በአንድ ቀን ሥራ የሚያስለቅቁትን ሰዎች እኔ አልወዳቸውም። አንቺ ደግሞ የሂሳብ ሰው ነሽ! ይኸም መክሊት ነው፤ ብዙ ባለ እጅ የጎደለው እሱ ነው። ደብተር ያዢ። ከዐሥር ጀበና ስንቱ እሳት ላይ ይሰነጠቃል? ኩበቱና እንጨቱ ስንት ይፈጃል? አፈሩን ለማስመጣትስ? ያንቺ ድካም በቀን ስንት ይታሰባል? ስድስት ወር ጻፊው። ከደመወዝሽ ትንሽ ትንሽ አስቀምጪ። ቤተሰብ የምትረጂ ከሆነ የእነሱንም ድርሻ አስቢ።

ደግሞ ለቱሪስት የሚሆን ጌጥ ላይ ብቻ አትንጠልጠዪ። ጎንደር እንግዳ የሚመጣባት ዘመንም፣ የሚጠፋባት ዘመንም አላት፣ ሁለቱንም አይተናል። የጎንደር ሴት ግን እንጀራ መጋገር አታቆምም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላት እንኳ ሸክላው ሲሰበር ሌላ ትፈልጋለች። ጥሩ ምጣድ የሠራችን ሴት ሰፈሩ ራሱ ያስተዋውቃታል።

ባይሸጥልኝስ ላልሽው፣ መጀመሪያ ላይ ላይሸጥ ይችላል። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ እንደሚይዝ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ጎመን ዘር ይታሻል፣ ይጋላል፣ እንደገና ይታሻል፤ የመጀመሪያው እንጀራ ተቀዶ ቢወጣ ምጣዱን አውጥቶ የሚሰብር የለም። ለራስሽም ያንኑ ያህል ታገሺ። አሁን የሚቀርሽ ከጓሮ መውጣት ነው። ይህን ወር ሦስት ጀበና ለሦስት የምታምኛቸው ሰዎች ሽጪ፣ በነጻ አትስጪ፣ ክፍያ ተቀበዪ፤ ነጻ ከሆነ ጉድለቱን አይነግሩሽም። ጆሮው ሰባራ ነው፣ አፉ ያንጠባጥባል ካሉሽ ደስ ይበልሽ፣ የምታርሚው አገኘሽ።

በመጨረሻ ስለ ጠበሉ። አዎ፣ ይቻላል፣ መልካምም ነው። ካህን ጠርተሽ ቦታውን በጸሎት ማስባረክ፣ ጠበል ማስረጨት የአባቶቻችን ልማድ ነው። ነገር ግን ገበያ የሚስብ ነገር አድርገሽ አታስቢው፣ የሰነጠቀ ጀበናም ጠበል ስለነካው አይጠገንም። የምናስባርከው ሥራችን የእግዚአብሔር መሆኑን ለማመን ነው። ሰንበትን አክብሪ፣ አሥራትሽን አትርሺ፣ ያስተማሩሽን እናትም በዓመት በዓል ጠይቂያቸው።

ቄሱ የሚመጡበትን ቀን ለእናትሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ቄጠማውን እሳቸው ይጎዝጉዙት። ቡናውን አንቺ በሠራሽው ጀበና አፍዪ።